ለሰባት ቁጥር ቤት

ስልኩ ሲጮህ አባቷ እጁን ሰደደ። ፌንጣ ከኩሽናው በር ላይ ሆና «አባዬ፣ ተወው!» አለች።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየና ቀስ ብሎ ሰበሰበው። ልክ አሥር ሰዓት ነበር።

«እሱ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱ ነው» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አረመችው። «ማሽኑ ነው።»

ሦስተኛው ጥሪ ሳያልቅ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠችው ሞደም የምትባል ትንሽ ሣጥን ቀይ መብራቷን ብልጭ አደረገች። መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ የሚመስል ሹክሹክታ ከውስጧ ወጣ፤ ከዚያ ዝም አለች። በጨለመው ቴሌቪዥን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«አንድ ቁጥር ቤት ገብቷል። ደህና ዋልሽ ፌንጣ? በልተሻል?»

ጓደኛዋ አንቴና ከሞተ አራተኛ ወሩ ነበር።

«እቺ ሰላምታ እንኳ ብትቀር ጥሩ ነበር» አለ አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «ባየኋት ቁጥር ውርር ታደርገኛለች።»

«እሱ እኮ ነው የጻፋት።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለዚያ ነው።»

አባቷ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ደንበኞቹ የሚደውሉለት ከሥራ ቤታቸው ገብተው፣ ፍሪጁን ከፍተው፣ ወተቱን ተበላሽቶ ሲያገኙት ነው፤ ያም የሚሆነው በዚሁ ሰዓት ነው። ድሮ የአንቴና ማሽን ደውሎ፣ የያዘውን አራግፎ ለመዝጋት ሻይ የሚፈላበትን ጊዜ እንኳ አይፈጅበትም ነበር። አሁን አባቷ ሻዩን ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ፣ ጋዜጣውን ገልብጦ ሲጨርስ ቀይዋ መብራት ገና ብልጭ ድርግም እያለች ነው።

«ቴሌቪዥኔን ወሰዳችሁ፣ ዝም አልኩ» አለ። «ስልኬን ወሰዳችሁ፣ ዝም አልኩ። የከተማው ሥጋ ሁሉ ሲገማ ግን የሚወቀሰው እኔ ነኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ወሰዳችሁ» ማለቱን ግን ልብ አለችው። የቀረችው እሷ ብቻ ሆና፣ አባቷ አሁንም የሚቆጣው ሁለቱን ነው።

ነገሩን የጀመሩት ሁለቱ ናቸው። አንቴና በአሥራ አምስት ዓመቱ ከመምህራኑ ሁሉ የሚረዝም፣ በር ሲገባ ከልማድ የሚጎነበስ ልጅ ነበር። አጎቱ የሰጡትን ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ ኮምፒውተር ሌሎች ልጆች እንዲህ ባለው ጨዋታ ሲጫወቱ፣ እሱ ለብዙ ቀን ዝም ብሎ ሲያየው ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ለፌንጣ፣ «ስልክ ያለው ቤት ሁሉ ፖስታ ቤት መሆን ይችላል፤ ችግሩ ስልኩ ሥራ ፈቶ መዋሉ ነው» አላት።

«የኛ ቤት ስልክ ሥራ አይፈታም» አለችው። «አባቴ አግብቶታል።»

«በቀን ለአንድ አፍታ እናፋታቸዋለን።»

እንደዚያ ተጀመረ። አንቴና አንድ ቁጥር ቤት፣ ፌንጣ ሁለት ቁጥር ቤት ሆኑ፤ ቀስ በቀስ ኮምፒውተርና ስልክ ያላቸው ሌሎች አራት ቤቶች ተጨመሩ። ማንም ሰው ደብዳቤ ወይም ወሬ ከጻፈ ወደ አንድ ቁጥር ይላካል። የአንቴና ማሽን ወሬውን ሁሉ በአንድ ላይ ይሰበስብና በአሥር ሰዓት ወደ ፌንጣ ቤት ይደውላል። የፌንጣ ማሽን ደግሞ ተቀብሎ ለሌሎቹ በየተራ ያደርሳል። ሰው አያስፈልገውም፤ እየበራ እስከቆየ ድረስ ብቻውን ይሠራል። «የአሥር ሰዓት ወሬ» ብለው ጠሩት። ውኃ የሚቋረጥበት ቀን፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቁልፍ፣ የፈተና ፕሮግራም፣ ከፋርማሲው የሚመጣ ማስታወቂያ ይወጣበታል። ኮምፒውተር የሌላቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ «ዛሬ ምን አለ?» እያሉ በር ማንኳኳት ጀመሩ።

አንቴና ሁለት ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። አንደኛው፣ የሚያልፍ ደብዳቤ አይከፈትም፤ የሚታየው ከማን፣ ለማን እና ርዕሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ደብዳቤ አስቀድሞ ይላክለታል። ማሽኑ ሲበራ ባዶ ሣጥን እንዳይጠብቀው ነው። የፌንጣ የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ ሁለት ቁጥር። ከአሁን በኋላ ስልኩን ለአባትሽ አታበድሪ» ይል ነበር።

ከዚያ ትኩሳት ያዘው። ሆስፒታል ገባ። አልተመለሰም።

ማሽኑን ግን ማንም አላጠፋውም።

*

ቀይዋ መብራት ጠፍታ ስልኩ ነፃ በወጣ ቅጽበት እንደገና ጮኸ። እኩል ዘለሉ፤ አባቷ ቀደማት። ሰምቶ ሲያበቃ ግን እጀታውን አቀበላት። «የኔ ደንበኛ አይደለም። የሚያስለው ሰውዬሽ ነው።»

ሦስት ቁጥር ቤት ነው፤ ፋርማሲስቱ። ከጀርባው «ጋሽ ሽሮፕ» ይሉታል።

«ሁለት ቁጥር! ዛሬም ወሬው አንገቱን ተቆርጦ ነው የደረሰን» አለ። «የትናንቱን ሰምተሻል? ‹ሰማያዊ ክዳን ያለውን የሳል ሽሮፕ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አትስጡ› ብዬ ጻፍኩ። ሰው ቤት የገባው ‹ሰማያዊ ክዳን ያለውን የሳል ሽሮፕ› የሚለው ብቻ ነው! ጠዋት በሬን ስከፍት እናቶች ተሰልፈው ‹ያንን ባለ ሰማያዊ ክዳን ስጠን› አይሉኝ መሰለሽ?»

መሳቅ ጀመረና ሳል አቋረጠው። ሲመለስ ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር።

«እነሱስ እኔ ጋ መጡ። ቤቷ ያለውን አውጥታ የሰጠች ብትኖርስ? የሆነ ነገር መንገዱን ዘግቶታል ልጄ። ፈልጊና አውጪው። አለበለዚያ እኔ እንደ ድሮዬ በር ላይ ወረቀት ብለጥፍ ይሻለኛል። ሌሎቹም ተሰላችተዋል።»

«እሺ ጋሼ። አየዋለሁ።»

ወንበር ስባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። አንድ ጥሪ ከሩብ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ከቆየ ማሽኑ ራሱ እንዲዘጋ ያደረገው አንቴና ነው፤ አባቶች እንዳይቆጡ። ስለዚህ ወሬው የተቆረጠው ሰዓቱ አልቆ ነው ማለት ነው። ከፊቱ የሚመጣ፣ ሰዓቱን የሚበላ ነገር አለ። ዛሬ ያለፉትን አንድ በአንድ አስቆጠረች። ትንንሾች ናቸው፤ ከአንዱ በቀር።

ርዝመቱን ስታይ ማሽኑ የተሳሳተ መሰላት። ሳትከፍተው ግንባሩን ብቻ አወጣችው።

«ከ፦ አንድ ቁጥር ቤት። ለ፦ ሰባት ቁጥር ቤት። ርዕስ፦ አንድ ጥያቄ።»

ሰባት ቁጥር የሚባል ቤት የለም።

እያንዳንዱ ቤት ደብዳቤ ሲያሳልፍ አናቱ ላይ ቀኑን የያዘ ማኅተም ያደርግበታል። የዚህ ደብዳቤ አናት ማለቂያ አልነበረውም። «በአንድ ቁጥር አለፈ። በሁለት ቁጥር አለፈ። በአንድ ቁጥር አለፈ። በሁለት ቁጥር አለፈ።» ታች ወረደች፤ አሁንም አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ሰው ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ኮቴው እንደሚሰማው። በየቀኑ ከአንቴና ክፍል ተነስቶ እሷ ጋ ይመጣል፤ እሷ ጋ ተቀባይ ሲያጣ ወደ አንቴና ክፍል ይመለሳል። በተመላለሰ ቁጥር ማኅተሙ ይጨመራል፤ ማኅተሙ በተጨመረ ቁጥር ይረዝማል፤ አሁን ሩቡን ሰዓት ሊሞላው ደርሷል።

ለምን እንደሆነ ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ያደረገችው ራሷ ናት።

ሰባት ቁጥር ቤት ኮረንቲ ልትሆን ነበር።

አንቴና በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ሲነግራት ፊቱ በርቶ ነበር። «ቀጣዩን ማን እንደምትሆን ገምቺ! ኮረንቲ! ኮምፒውተር አላት እኮ፤ ነግራን አታውቅም።» ኮረንቲ የክፍላቸው ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ብልጭ የምትል፣ ስትስቅ ግን ክፍሉን በሙሉ የምታስቅ። እስከዚያች ቀን ድረስ አንቴና «እኛ» ሲል እሱና ፌንጣ ማለት ነበር። ፌንጣ ደረጃው ላይ ያለውን ጠጠር በጫማዋ ጫፍ እየገፋች፣ «ለሷ? ‹የሕፃናት ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው› ስትል አልሰማሃትም?» አለችው።

ኮረንቲ እንደዚያ ብላ አታውቅም።

«እንደዚያ አለች?» አለ አንቴና። ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ። ነገሩንም ዳግም አላነሳው፤ ብዙም ሳይቆይ ታመመ።

ከቀብሩ በተመለሱ ዕለት፣ ኮረንቲ ስታለቅስ አይታት ነበር። ፌንጣ ለምን እንደሆነ እስካሁን ሊገባት ባልቻለ ንዴት ቤቷ ገብታ፣ ከማሽኗ የመንገድ ሠንጠረዥ፣ ከቤቶቹ ዝርዝር ላይ፣ አንቴና አስቀድሞ ያስገባውን የሰባት ቁጥርን መስመር አጠፋችው። ተቀባዩ የማይታወቅ ደብዳቤ ወደ አንድ ቁጥር ይመለስ የሚለውን ትእዛዝ ግን ረስታዋለች። በአንቴና ማሽን ላይ ደግሞ ሰባት ቁጥር አሁንም አለ። አንዱ ማሽን «አለ» ይላል፣ ሌላው «የለም» ይላል፤ በመካከላቸው ደብዳቤው ይንከራተታል።

ከሁሉም ሥር ያለችውን የመጀመሪያዋን ማኅተም ቀን አየች። የተጻፈው ደረጃው ላይ ከተነጋገሩ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

አንድ ጥያቄ።

*

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፋርማሲው ገባች። ጋሽ ሽሮፕ ክኒን እየቆጠረ ነበር፤ በጣቱ ጠብቂ አላት።

«አገኘሁት» አለች። «የሚዞር ደብዳቤ ነው። ተቀባይ የለውም።»

«እሰይ! አጥፊዋ በቃ።»

«ከአንቴና ነው።»

ቆጠራው ጠፋበት። መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

«ለማን ነው?»

«ለሰባት ቁጥር ቤት።»

«ሰባት ቁጥር ማነው?»

«ማንም» አለች ፌንጣ። ቃሉ እንዴት ቀሎ እንደወጣ ራሷን ገረማት።

«እንግዲህ ማንም ካልሆነ…» አለና ትንሽ አሰበ። «የሞተን ሰው ነገር እኔና አንቺ ተነጋግረን አናጠፋም። እናቱን አስፈቅጂ። ከሷ በላይ ባለቤት የለውም። እሺ ካለች አጥፊው፤ እኔም ወሬዬን በሙሉ አንገቱ ላስተላልፍ።»

ወደ አንቴና ቤት የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሆነው ሲሄዱበት ትከሻቸው ይነካካ ነበር። ብቻዋን ስትሄድበትም ከግድግዳው ተጠግታ ነው፤ ቦታ እንደተወች ያወቀችው በሩ ላይ ስትደርስ ነው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። የከፈተችላት የመለኪያውን ሜትር እንደ ፎጣ አንገቷ ላይ ጥላ፣ ከንፈሯ መካከል ስፒል ይዛ ነው። ስፒሉን አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችውና ጉንጯን ሳመቻት።

«ነይ ግቢ የኔ ልጅ። ቀጥነሻል ልበል? ወይስ ቁመት ጨመርሽ? ቁሚ እስቲ።» ሜትሩን ከአንገቷ ልታወርድ ብላ ተወችው። «ተይው። እጄ ለምዶ ነው።»

«ማሽኑን አንድ ጊዜ ላየው ብዬ ነው እትዬ። ትንሽ ችግር አለ።»

«ልትዘጉት ነው እንዴ?»

«አይ…»

«ባትዘጉት ነው የምወደው» አለች እናቲቱ ቶሎ ብላ። በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችላት፤ ራሷ ግን አልገባችም። «አሥር ሰዓት ሲደርስ የስፌት መኪናዬን አቆምና እዚህ በሩ ላይ እቆማለሁ። ትር፣ ትር፣ ትር ይላል፤ ከዚያ ያፏጫል። እሱም ከትምህርት ቤት ሲመጣ እያፏጨ ነበር የሚገባው። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይላል። ለማን ነው የሚደውለው?»

«ለኔ ነው እትዬ።»

«አንቺ ጋ ነው?» ፊቷ ለሰለሰ። «እንኳን አንቺ ሆንሽ።»

ፌንጣ ወደ ክፍሉ ገባች።

ክፍሉ እንደነበረ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ ቁመቱ ስላልበቃ ግርጌው ላይ የተቀጠለችው አግዳሚ ወንበር እንኳ አልተነሳችም። ጠረጴዛው ላይ አቧራ የለም። ኮምፒውተሩን በእጇ ስትነካው ሞቃት ነው። ከአራት ወር በላይ ሳያርፍ የሠራ ማሽን መሞቁ ያለ ነው፤ ቢሆንም እጇን አነሳችና ደረቷ ላይ አደረገችው።

«ይኸውልሽ፣ ይሄንንም እዪልኝ» አለች እናቱ ከበሩ ላይ ሆና፣ በእግሯ ከአልጋው ሥር የወጣ የጫማ ካርቶን እያሳየች። «ስጠርግ አግኝቼው ነው። ለዚያች ለቁጡዋ ልጅ ሊወስድላት ነበር። ‹ቅዳሜ› አለኝ። ቅዳሜ ሆስፒታል ነበርን።»

ካርቶኑ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ «7» ተጽፎበታል። ውስጡ ሞደም፣ ሽቦ፣ ዲስክ አለ። ዲስኩ ላይ በሱ ዘንባላ ጽሑፍ «ኮረንቲ፣ ስትሰኪው እንዳይነዝርሽ» ይላል።

«ውኃ ላምጣልሽ» አለች እናቱና ሄደች።

ፌንጣ ቴሌቪዥኑን አበራች። ደብዳቤው በተራው ተሰልፎ ቆሟል፤ የዛሬውን አሥር ሰዓት ይጠብቃል። ለማጥፋት ሁለት ቁልፍ መጫን ይበቃል። ማንም አያውቅም። ጋሽ ሽሮፕ ይደሰታል፤ አባቷ ስልኩን ያገኛል፤ ወሬው በሙሉ አንገቱ ይደርሳል። ኮረንቲም ደብዳቤ እንደነበራት ሳታውቅ ትኖራለች። «ዕቃ ዕቃ ነው ብለሻል?» የሚል ጥያቄ ይሁን አይሁን፣ ከዚህ ክፍል ሳይወጣ ይቀራል።

ወይም ትክፈተው። አይታ፣ ስለ ደረጃው ካልሆነ ታደርሰዋለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ግን የደበዘዘች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ «የሚያልፍ አይከፈትም። አዎ፣ አንቺንም ነው።» ይህንን ያኔ አይታ አስቂኝ ስድብ ሰድባው ነበር።

ከሁለቱ አንዱን ሳታደርግ የመንገድ ሠንጠረዡን አወጣችው። ስድስቱ ቤቶች በየመስመራቸው አሉ። ከሥራቸው፦

«ሰባት ቁጥር፦ ኮረንቲ። መድረሻ፦ በሁለት ቁጥር በኩል።»

ቀኑ አጠገቡ አለ። ይህንን የጻፈው ፌንጣ ደረጃው ላይ የነገረችውን ከሰማ በኋላ ነው። ሰምቶም፣ ለኮረንቲ የሚላከው ነገር ሁሉ በፌንጣ እጅ እንዲያልፍ አድርጎታል።

«ልታጠፊው ነው?» እናቱ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አይ እትዬ» አለች ፌንጣ። «መንገዱን ነው የማየው።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አነሳች። «ይሄንን ልውሰድላት?»

*

ኮረንቲና አክስቷ የሚኖሩት ከመስታወት መቁረጫ ሱቅ በላይ ባለች ቤት ነው። ደረጃው ላይ እስከ ላይ ድረስ ብርጭቆ ሲፋቅ የመሰለ ድምፅ ይከተላል። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት።

«ፌንጣ!» አለች። «ዘለሽ ዘለሽ እዚህም ደረስሽ?»

«ልግባ?»

«ምን ልትሸጪልኝ ነው?» ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ወረደ፤ ከዚያ «7» የሚለው ላይ። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ምንድን ነው እሱ?»

«የአንቴና ነው። ለአንቺ ነው ያዘጋጀው።»

ኮረንቲ ከበሩ ገለል አለች።

ኮምፒውተሩ መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ አሮጌ ሻርፕ ለብሶ ተቀምጧል። ሻርፑን ስትገልጠው አቧራው በነነ።

«መጥቼ እሰካልሻለሁ ብሎኝ ነበር» አለች ኮረንቲ ጀርባዋን እንደሰጠቻት። «አክስቴን ለምኜ፣ ስልኩን በቀን አንድ ጊዜ እንድትለቅልኝ አስምዬ ጠበቅሁት። ከዚያ ትምህርት ቤት ሳገኘው ዓይኔን አያይም። ‹ሰላም› ስለው ‹ሰላም› ብሎ ያልፋል። ምን እንዳደረግኩት እስካሁን አላውቅም። ሳልጠይቀው ታመመ።»

ፌንጣ ከካርቶኑ ውስጥ ሽቦ ታወጣ ነበር። አንዱ ከሌላው ተቋጥሯል፤ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ቀና አላለችም።

«አንቺ ታውቂያለሽ?» አለች ኮረንቲ። «ከሱ ጋ ነበር የምትውይው።»

«መጀመሪያ እሱን ልሰካልሽ» አለች ፌንጣ። «አሥር ሰዓት ሊደርስ ነው።»

ወደዚህ ስትመጣ ቤቷ ጎራ ብላ የሰባት ቁጥርን መስመር በራሷ ማሽን ላይ መልሳ ጽፋዋለች። የኮረንቲን ስልክ ቁጥር መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ያጠፋችው መስመር ላይ ነበር፤ አልረሳችውም። አባቷን፣ «አባዬ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ አንቴና ይደውላል፤ ከሱ በኋላ ማሽናችን ራሱ ይደውላል። ቤቱ ቢቃጠል ስልኩን እንዳትነካ» ብላው ነበር። «ቤቱ ቢቃጠል እሳት አደጋን በምን ልጠራ ነው?» አላትና፣ ፊቷን ሲያይ፣ «እሺ። አልነካም» አለ።

ሞደሟ ተሰካች። ዲስኩ ገባ። ሰዓቱ አሥር አለ፤ የኮረንቲ ስልክ ዝም ብሏል። አሁን ከስፌት መኪናዋ ተነስታ በሩ ላይ የቆመች ሴት ፉጨት እየሰማች ነው። አሁን ደብዳቤው ፌንጣ ቤት ገብቶ፣ አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ሁለቱ ልጆች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ያያሉ።

ሲጮህ ሁለቱም ደነገጡ።

«ማን ያንሳው?» አለች አክስትየው ከሳሎን።

«አትንኪው!» አሉ እኩል።

ቀይዋ መብራት በራች። ፉጨቱ መጣ፤ ቀጥሎ ዝናቡ። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

«ሰባት ቁጥር ቤት። አንድ ደብዳቤ ደርሶሻል። ከ፦ አንድ ቁጥር ቤት። ርዕስ፦ አንድ ጥያቄ።»

ኮረንቲ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከርዕሱ ሥር ማኅተሞቹ ተከተሉ። በሁለት ቁጥር አለፈ። በአንድ ቁጥር አለፈ። በሁለት ቁጥር አለፈ። መስመሩ አንድ በአንድ፣ በዝግታ ይወርዳል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ሲሄድ የቆየበት ነው» አለች ፌንጣ። «ማኅተሙ ሲያልቅ ጽሑፉ ይመጣል።»

«ምን ይላል?»

«አልከፈትኩትም።»

ቦርሳዋ በሩ አጠገብ ነው። ሽቦው ተሰክቷል፣ ደብዳቤው ደርሷል፤ ሥራዋ አልቋል። ተነስታ «ብቻሽን አንብቢው» ብትላት ኮረንቲ ታመሰግናታለች እንጂ አትጠረጥራትም። ማኅተሞቹ ገና ብዙ ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ደረጃውን ወርዳ መንገዱን ለመሻገር ይበቃሉ።

ፌንጣ ተነሳች። ቦርሳዋን ከበሩ አጠገብ አንስታ መጣችና አልጋው ሥር አስገባችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«አንቴና የጠየቀሽን አላውቅም» አለች። «እኔ ስላንቺ ምን ብዬ እንደነገርኩት ግን አውቃለሁ።»

ኮረንቲ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስታ ወደ እሷ ዞረች። ከኋላዋ ማኅተሞቹ መውረዳቸውን አላቆሙም።